ከጅማ ቡና ቤት የታየችው ቻይና፦ የምዕራባውያን የዜና ጣቢያዎች አገልግሎት ሲመዘን

ሰው ስለ ምጣድ፣ ስለ ሆቴል ወይም ስለ ስልክ ያለውን አስተያየት ቢጽፍ የተለመደ ነው። እኔ ላለፉት ዓመታት ከማንኛውም አገልግሎት አብልጬ የተጠቀምኩት ዜና ስለሆነ፣ ዛሬ የምመዝነው እሱን ነው። ሁሉንም ዜና ልመዝን አልችልም፤ የምናገረው ቢቢሲ፣ ሲኤንኤን፣ የዶይቼ ቬለ እንግሊዝኛና ፍራንስ 24 ስለ ቻይና ፖለቲካ፣ ስለ ሳንሱሯና መንግሥቷን ተቃውመው ስለሚናገሩ ዜጎቿ ለተመልካች ስለሚያቀርቡት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱን የማገኘው ጅማ ውስጥ፣ ከሄርማታ ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት ነው። ዲሹን የተከለው ባለሙያ ለቤቱ ባለቤት «የዓለም ጣቢያ በሙሉ ጥርት ብሎ ይገባል፣ እትዬ» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ምስሉ ይቆራረጣል፤ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር መቁጠር ይቀላል። ቴሌቪዥኑም ቀለሙ ተበላሽቶ ሁሉን ነገር ወደ አረንጓዴ ያደላዋል። ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነና እኔም የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ፣ ማታ ማታ ሳልቀጠር የቤቱ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ማስተርጎሙ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ሲሰማ የሚያልፈውን ቃል ሲተረጉም አያልፈውም።

ቻይና ለእነዚህ ተመልካቾች ሩቅ አገር አይደለችም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና ኩባንያ ተገንብቶ በ2018 ተመርቋል፤ ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው ቴክኖ የሼንዘን ኩባንያ ምርት ነው፤ ከቡና ቤቱ ደንበኞች አንዱ ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ለዓመታት ሎደር ነድቷል። እሱ «እኔ የማውቃቸው ቻይናዎች ስለ መንግሥታቸው አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም» ባለ ቁጥር፣ ግማሹ ሰው ፈርተው ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ሥራ በዝቶባቸው ነው ይላል። ስለዚህ ዜናው የሚደርሰው የራሱ ግምት ላለው ሰው ነው።

ከሚያስመሰግነው ልጀምር። ዘገባው ሰነድ ይዞ ሲመጣ ተወዳዳሪ የለውም። ጣቢያዎቹ ትልልቆቹን ጉዳዮች ከጋዜጦች እየተቀበሉ ነው የሚያሰራጩት፤ በጥቅምት 2012 ኒው ዮርክ ታይምስ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የዌን ጂያባዎ ዘመዶች ቢያንስ 2.7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት እንደያዙ የኩባንያ ምዝገባ መዛግብትን አገላብጦ ሲጽፍ፣ ማንም ሰው መዝገቡን ከፍቶ ሊያመሳክረው የሚችል ሥራ ነበር። የጋዜጣው ድረ ገጽ ወዲያውኑ ቻይና ውስጥ ተዘጋ። ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሺ ጂንፒንግ ዘመዶች ሀብት የጻፈው ብሉምበርግም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። በኅዳር 2019 ስለ ሺንጂያንግ፣ ማለትም የኡይጉር ሙስሊሞች ስለሚኖሩበት የቻይና ምዕራባዊ ክልል፣ ሾልኮ የወጣው የመንግሥት ሰነድ 403 ገጽ ነበር። ቤጂንግ በነሐሴ 2018 በተባበሩት መንግሥታት ፊት የማጎሪያ ካምፕ የሚባል ነገር የለም ብላ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ የሙያ ማሠልጠኛ ናቸው አለች። ይህን የመሰለ የቃል ለውጥ ቀን ቆጥሮ የሚያሳይ ዘገባ ለማንኛውም ገንዘቡንና ጊዜውን ለከፈለ ተመልካች ይበቃዋል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ይኸው ብሉምበርግ በ2013 ሌላ የምርመራ ሥራ ቻይናን ላለማስቆጣት ሲል አስቀርቷል ተብሎ ከገዛ ባልደረቦቹ ወቀሳ እንደደረሰበትና ኩባንያው ዘገባው ገና አልበሰለም ነበር ብሎ እንደተከላከለ መጥቀስ ይገባል።

ምስሉ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜም አለ። በኅዳር 2022 ኡሩምቺ ከተማ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ በተነሳ እሳት 10 ሰዎች ሞቱ፤ የኮቪድ እገዳው ነዋሪዎቹን እንዳያመልጡ አድርጓል የሚል ቁጣ ተቀጣጥሎ ሻንጋይና ቤጂንግን ጨምሮ በየከተማው ወጣቶች ባዶ ነጭ ወረቀት ይዘው ወጡ። ያን ምሽት ቡና የምትቀዳው እትዬ ጀበናዋን እንደያዘች ቆማ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«መምህር፣ ልጆቹ ወረቀቱ ላይ ምን ብለው ጽፈው ነው?»

«ምንም አልጻፉም።»

«ታዲያ ፖሊሶቹ ምን አንብበው ነው የሚይዟቸው?»

ከዚያ ሳምንት የስቱዲዮ ተንታኞች ሁሉ ይህን ያህል ወደ ጉዳዩ እምብርት የገባ ጥያቄ አልሰማሁም። የቢቢሲው ዘጋቢ ኤድ ላውረንስ ሻንጋይ ውስጥ ሲቀርጽ ተይዞ በፖሊስ እንደተመታ ጣቢያው ሲገልጽ፣ የቻይና ወገን ደግሞ ጋዜጠኛ መሆኑን አላስታወቀም አለ። በቦታው ቆሞ መዘገብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የታየበት ቀን ነበር፤ እዚህ ላይ ጣቢያዎቹን የማመሰግነው ያለ ምንም ማመንታት ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ላይ ነው። እገዳው በታኅሣሥ መጀመሪያ ሲላላ ካሜራው ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ፤ ወረቀት ይዘው የወጡት ወጣቶች ቤጂንግ ውስጥ አንድ በአንድ በጸጥታ ሲታሰሩ ግን የእኛ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ላይ የደረሰው ከስፖርቱ በፊት የምትነበብ አጭር ዜና ነበረች።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሳው ጉድለት የዚህ አገልግሎት ዋና ጉድለት ይመስለኛል፤ ዜናው ከየት ሆኖ እንደሚዘገብ በግልጽ አይነገርም። በ2020 መጀመሪያ አሜሪካ በአገሯ የሚሠሩትን የቻይና መንግሥት የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች ቁጥር ስትቀንስ፣ ቻይና በበኩሏ በማርች የኒው ዮርክ ታይምስን፣ የዎል ስትሪት ጆርናልንና የዋሽንግተን ፖስትን አሜሪካውያን ጋዜጠኞች አስወጣች። የቢቢሲው ጆን ሰድወርዝ በ2021 ጫናውና ማስፈራሪያው በርትቶበት ወደ ታይፔ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቻይና የሚነገረው ብዙው ነገር ታይፔ፣ ሴኡል፣ ሲንጋፖር ወይም ለንደን ላይ ተቀምጦ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀመ ቪዲዮ እየተመሳከረ የሚሠራ ነው። ጥፋቱ የጋዜጠኞቹ አይደለም፤ በር የተዘጋበት ሰው በመስኮት ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን በመስኮት ማየቱን ሊነግረን ይገባል። በስክሪኑ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ታይፔ» ብሎ ማለፍ፣ ያውም ቀለሙ በተበላሸ ቴሌቪዥን፣ መንገር አይባልም።

የጅማ ሰው ይህን ነገር ከቡና ንግድ ያውቀዋል። «ጅማ 5» የሚለው ስም በዓለም ገበያ ደረጃው ዝቅ ያለ፣ ጉድለቱ የበዛ ደረቅ ቡና መጠሪያ ከሆነ ዘመን አልፏል፤ የአካባቢው ጥሩ ቡና በሌላ ስም ሲሸጥ፣ የተረፈው የከተማችንን ስም ይዞ ይሄዳል። ገዢው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ፣ ማን እንዳደረቀው፣ ምን ምን እንደተቀላቀለበት ካልተነገረው፣ ስሙን ይጠጣል እንጂ ቡናውን አይጠጣም። «ቻይና» የሚለው ቃልም በነዚህ ጣቢያዎች አፍ ብዙ ጊዜ እንዲሁ የደረጃ ስም ይሆናል፤ የማዕከላዊ መንግሥቱ ትእዛዝ፣ የአንድ አውራጃ ሹም ከልክ ያለፈ ትጋት፣ የአንድ ኩባንያ ፍርሃት ተቀላቅለው በአንድ ከረጢት ይቀርባሉ።

ለምሳሌ ስለ «ማኅበራዊ የብድር ነጥብ» የሚነገረውን እንውሰድ። ጣቢያዎቹ ለዓመታት እያንዳንዱ ቻይናዊ በካሜራ እየታየ አንድ ነጥብ የሚሰጠው ይመስል ነበር ያቀረቡት። በ2014 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ አለ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በየከተማው የሚለያይ ሙከራ፣ የኩባንያዎች መዝገብና የፍርድ ቤት ጥቁር መዝገብ ቅልቅል ነው፤ አገር አቀፍ የሆነ የአንድ ሰው አንድ ነጥብ የለም። ከሁሉ የከነከነኝ የ2019 መጀመሪያ ዜና ነው። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ የአውሮፕላን ትኬት ግዢ 17.5 ሚሊዮን ጊዜ፣ የባቡር ትኬት ግዢ ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ጊዜ እንደታገደ የቻይና መንግሥት ቁጥር ወጣ። «ጊዜ» የሚለው ቃል በየርዕሱ ላይ ጠፍቶ፣ ነገሩ 23 ሚሊዮን ሰዎች ትኬት እንደተከለከሉ ሆኖ ዞረ። አንድ ባለዕዳ አሥር ጊዜ ሞክሮ አሥር ጊዜ ከተከለከለ አሥር ሰው አይሆንም፤ ይህን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬም ይደርስበታል። እውነተኛው ነገር፣ ማለትም ሰው በፍርድ ቤት መዝገብ ምክንያት መጓዝ መከልከሉና አንዳንዱ ጋዜጠኛና ጠበቃም በዚያው መዝገብ መግባቱ፣ ያለ ጭማሪ ቢነገር የሚያንስ ዜና አልነበረም። ዊኒ ዘ ፑህ የተባለው የካርቱን ድብ በቻይና ፈጽሞ ተከልክሏል የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ድቡ ከሺ ጂንፒንግ ጋር እየተመሳሰለ ሲቀለድበት ምስሎቹ ከማኅበራዊ ሚዲያ መፋቃቸው እውነት ነው፤ ሻንጋይ ዲዝኒላንድ ውስጥ ግን ልጆች የሚሳፈሩበት የፑህ መጫወቻ አለ።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ፤ አስተርጓሚን የሚያደክመው እዚህ ነው። «ሳንሱር» የሚለውን ቃል ስናገር ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑት ደንበኞች ፊት ላይ የሚመጣው ሥዕል የንጉሡና የደርግ ዘመን ነው፦ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለመርማሪ ይቀርባል፣ መርማሪው ይሰርዛል፣ ማኅተም ይመታል። ይህ በእኛ አገር በ1992 የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። የቻይናው ግን በአብዛኛው እንዲህ አይሠራም። ሰው ይጽፋል፣ ጽሑፉ ይወጣል፣ ከዚያ ኩባንያው ራሱ በሕግ እንዳይጠየቅ በመፍራት በቀጠራቸው ሠራተኞችና በቃላት ዝርዝር እያጣራ ያወርደዋል። መርማሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ዌይቦና ዊቻትን የመሰሉ የቻይና ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተቀጣሪ ነው፤ የተከለከለው ነገር ድንበርም በጽሑፍ ስለማይታወቅ ሁሉም ከድንበሩ ብዙ ራቅ ብሎ መቆምን ይመርጣል። ይህን አሠራር በዝርዝር ያስረዳኝ የቴሌቪዥን ዜና እስካሁን አላገኘሁም፤ የማየው በኮምፒውተር የተሳለ ትልቅ ግንብና ቁልፍ ነው።

የሃርቫርዱ ጌሪ ኪንግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2013 ያሳተመው ጥናት መንግሥትን የሚተች ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሳይነካ እንደሚቀር፣ ሰዎችን በአንድነት አደባባይ ሊያወጣ የሚችል ጽሑፍ ግን ለመንግሥት የሚያደላ ቢሆን እንኳ እንደሚፋቅ አሳይቷል። መረጃው የተሰበሰበው ሺ ጂንፒንግ ወደ ሥልጣን ከመምጣታቸው በፊት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ወንፊቱ መጥበቡን ማሰብ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ነጭ ወረቀት ይዞ በአንድነት መቆም ለምን ከረጅም የስድብ ጽሑፍ ይልቅ እንደሚያስፈራ የሚያስረዳ ቁልፍ ነው፤ እትዬ ለጠየቀችው ጥያቄም ለመልስ የቀረበው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያስቆጨኝ ግን የቻይናውያኑ ሰምና ወርቅ በአግባቡ አለመተርጎሙ ነው። በጁን 4 ቀን 1989 ቤጂንግ ውስጥ፣ በቲያናንመን አደባባይ አካባቢ፣ በሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግድያ መጻፍ ስለማይቻል «ሜይ 35» ብለው ይጽፋሉ፤ ሜይ 31 ቀን ስላላት ሠላሳ አምስተኛዋ ቀን ጁን 4 ትሆናለች። ጳጉሜን የምንኖርባት እኛ በሌሎች ዘንድ ለሌለ ቀን እንግዳ አይደለንም። መንግሥት ሳንሱሩን «ኅብረተሰብን ማስማማት» ብሎ ሲጠራው፣ የተፋቀበት ሰው «ጽሑፌን የወንዝ ሸርጣን በላው» ይላል፤ በቻይንኛ «መስማማት»ና «የወንዝ ሸርጣን» በድምፅ ቅላጼ ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው። በ2018 ሴቶች ስለ ጾታዊ ጥቃት መናገር ሲጀምሩና መለያ ቃላቸው ሲፋቅ የሩዝና የጥንቸል ሥዕል መለጠፍ ጀመሩ፤ ሁለቱ በቻይንኛ ተያይዘው ሲነበቡ «ሚ ቱ» ይሆናሉ። ለቅኔ ተማሪ ይህ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ሸርጣን፣ ወርቁ መቀስ። ጣቢያዎቹ ግን ነገሩን የሚያቀርቡት እንደ ማሳሳቂያ ነው፤ አቅራቢዋ ፈገግ ብላ «ቻይናውያን ብልሃተኞች ናቸው» ዓይነት ነገር ትልና ወደ አየር ሁኔታ ታልፋለች። ቅኔውን የተረዳ ተመልካች ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ዝም ያለ የሚመስለው ሕዝብ ቀኑን ሙሉ እያወራ ነው።

ቃሉ የሚቸግርበት ሌላም ቦታ አለ። የኖቤል የሰላም ሽልማትን በ2010 እስር ቤት ሆኖ ያሸነፈውንና በ2017 በእስር ላይ ሳለ በካንሰር የሞተውን ቻይናዊ ጸሐፊ ሊዩ ሺያቦን፣ ጣቢያዎቹ «ዲሲደንት» የሚሉትን፣ በአማርኛ ምን ብዬ ልጥራው? «ተቃዋሚ» ካልኩ የእኛ ሰው ፓርቲ ያለውና ምርጫ የሚወዳደር ይመስለዋል፤ «አፈንጋጭ» ካልኩ ከመንግሥት ወገን ቆሜያለሁ። «ሐሳቡን በመጻፉ 11 ዓመት የተፈረደበት ሰው» ብዬ ተገላገልኩ፤ ረዘመ እንጂ ትክክል ነው። ውሃን በተባለችው የቻይና ከተማ ስለ አዲሱ የኮቪድ በሽታ ለባልደረቦቹ አስጠንቅቆ በጃንዋሪ 2020 በፖሊስ የተገሠጸውን የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግን ግን ከሊዩ ጋር በአንድ ስም አልጠራሁትም። እሱ ሥራውን የሠራ ሐኪም ነበር፤ ሲሞት በይነ መረቡ ላይ የፈሰሰው የሐዘን ብዛትም ከዚያ የመጣ ነው።

በፌብሩዋሪ 2023 እኛ አገር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡና እስከ ጁላይ ሲቆዩ፣ የቡና ቤቱ ወጣቶች በሙሉ በቪፒኤን ነበር የሚጠቀሙት። በዚያው ሰሞን ስለ ቻይና የኢንተርኔት ግንብ አንድ ዘገባ ቀረበና አቅራቢው ቪፒኤን ምን እንደሆነ በዝግታ ማስረዳት ያዘ። ከጥግ የተቀመጠ ልጅ «እሱንስ እኛ እናስተምረው» አለ። ዘገባው የተሠራው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት ለማያውቅ ተመልካች ስለሆነ፣ ለኛ የሚጠቅመን ክፍል፣ ማለትም የእኛው ለወራት የሚዘጋ በር ሆኖ የቻይናው ከ2009 ጀምሮ እንዴት በዚያው ጸንቶ እንደቆየና የራሱን ኩባንያዎች እንዳሳደገ፣ ሳይነገር ቀረ።

ስለ ቲያናንመንም አንድ ቃል። የቢቢሲው ጄምስ ማይልስ ከሃያ ዓመት በኋላ በጻፈው ላይ ግድያው የተፈጸመው አደባባዩ ውስጥ ሳይሆን በአብዛኛው ወደ አደባባዩ በሚወስዱት ጎዳናዎች ላይ እንደነበር ገልጾ፣ እሱም የተሳሳተ ሥዕል ካስተላለፉት አንዱ እንደሆነ አምኗል። የሟቾቹ ቁጥር ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይገመታል። ብዙዎቹ አቅራቢዎች ዛሬም «የአደባባዩ ጭፍጨፋ» ይላሉ፤ ልዩነቱ የሟቾቹን ደም አይቀንሰውም፣ ለሚክዱት ግን በነጻ የተሰጠ ማምለጫ ነው።

ተወዳዳሪውን ምርት ሳልጠቅስ ብቀር ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። የቻይናው መንግሥታዊ ቴሌቪዥን ሲጂቲኤን በናይሮቢ ማዕከሉ በኩል ስለ አፍሪካ የሚያቀርበው ብዛት ያስመሰግነዋል፤ እንግሊዝ በፌብሩዋሪ 2021 ፈቃዱን ስትሰርዝ ቻይና በዚያው ወር ቢቢሲን ከአገሯ አግዳለች። ስለ ሳንሱር ለማወቅ ግን ሲጂቲኤንን መክፈት ዋጋ የለውም፤ ምዕራባዊው ነገሩን አዛብቶ ሊነግርህ ይችላል፣ ይሄኛው ነገሩ እንዳለም አይነግርህም። አጭር ሞገድ ሬዲዮናቸውን ይዘው የሚመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ፣ በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅን ሠራተኞች በግዳጅ ፈቃድ አስወጥቶ ጣቢያው ጸጥ ሲልና የቤጂንጉ ጋዜጣ ግሎባል ታይምስ በደስታ ሲጽፍ፣ «ልጄ፣ ድሮ ጣቢያውን የሚያፍኑት ሌሎች ነበሩ፣ አሁን ባለቤቱ ሆነ እንዴ?» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት ለሚጠቀም ሰው የምመክረው፣ ዜናው ሲጀምር የዘጋቢውን ከተማ ስም እንዲያነብ፣ ቁጥር ሲሰማ የምን ቁጥር እንደሆነ እንዲጠይቅና ሰነድ ያለበትን ዘገባ ከስቱዲዮ ትንተና እንዲያስቀድም ነው። ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ሰነድ ይዞ በመጣበት ቀን አምስት።

በጁን 2024 የቲያናንመን 35ኛ ዓመት ምሽት የምዕራባውያኑን ጣቢያና ሲጂቲኤንን እያፈራረቅን አየን። አንደኛው ሆንግ ኮንግ ቪክቶሪያ ፓርክ፣ ለሠላሳ ዓመታት ሻማ ሲበራበት በኖረው ሜዳ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ምግብ የሚሸጥበት ባዛር ተተክሎ ፖሊሶች ዙሪያውን ሲመላለሱ ያሳያል። በሌላኛው ስለ ዕለቱ አንድም ቃል አልሰማንም። «ያው አገር ነው?» አለች እትዬ፣ ሪሞቱን እንደያዘች። ያው ነው ልላት ስል ዝናቡ ከበደ፣ ሁለቱም እኩል ተቆራረጡ፣ እሷም ሪሞቱን አስቀምጣ ቶናውን ልትቀዳ ተነሳች።